በቃል የተያዘ ዓረብኛ

መምህር ሙክታር አዋሳ ውስጥ ዓረብኛ የሚያዋራው ሰው ካጣ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። የመጨረሻው፣ የመናዊው ባለሱቅ ጠሀ፣ መንግሥት ቤትና ንብረት በወረሰ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ገባ። የሙክታር ሚስትም ሞታ ብቻውን ቀርቷል። ስለዚህ በ1977 ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ደቡብ የመን፣ ኤደን የሚላኩ አምስት ምሩቃንን በዘጠኝ ወር ቋንቋ አስታጥቅ ሲባል ደስ ብሎት አዋሳ ፒያሳ ካለችው ጠባብ ክፍል ገባ።

ያስተማራቸው ወሎ ውስጥ በልጅነቱ በተማረበት መንገድ ነው። እሱ ያነባል፣ እነሱ ይደግማሉ፤ በቃሉ ያልያዘ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ለግምገማ ይህ እንዴት ይመቻል! ሁለት መቶ ገጽ ታቀደ፣ ሁለት መቶ ገጽ ተሸመደደ። ሰዎቹ ምን ገባቸው ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ግን በዚያ ዘመን አልታተመም።

የግምገማው ዕለት ጠዋት ከሁሉም የምትጎብዘውን ታቢታን የታመመችው እናቷ ተሻላት ወይ ብሎ በዓረብኛ ጠየቃት። ታቢታ አርባኛውን ገጽ አንበለበለችለት። 

ስብሰባው ላይ አምስቱም የሸመደዱትን እንደ ውኃ ወረዱት። ሰብሳቢው ጓድ በኃይሉ አንዲት ቃል ሳይገባው አጨበጨበ፤ ተሰብሳቢውም ተከተለው። ያኔ ሙክታር ጠሀ ጥሎለት የሄደውን አሮጌ ጋዜጣ አውጥቶ ለታቢታ ሰጣት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ተሰናከለች።

«መምህር፣ ይሄን እኮ አላስጠኑንም» አለችው ዝግ ብላ።

«ጋዜጣ ዕቅዱ ውስጥ የለም» አለ ጓድ በኃይሉ። «መቶ በመቶ ነው። ይፈርሙልንና ሁለተኛውን ዙር ይቀጥላሉ።»

ሁለተኛ ዙር ማለት ሌላ ዘጠኝ ወር በዓረብኛ አብሮት የሚሆን ሰው ማለት ነበር። ሙክታር እስክሪብቶውን ያዘ። ከዚያ «በቃላቸው ይላሉ እንጂ አይረዱም። ጥፋቱ የኔ የመምህሩ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ሁሉ አጨብጫቢ መሃል ጥፋት የኔ ነው ያለ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ጉዞው ቀረ፤ ክፍሏም ተቆለፈች። አራቱ ፒያሳ ላይ ሲያዩት መንገድ ይሻገራሉ። ታቢታ ግን አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እዚያው ሄጄ ብዋረድ ይሻለኝ ነበር» አለችው።

 በዚያ ሁሉ ወር ለሙክታር ከራሷ ልብ አውጥታ የነገረችው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር፤ እንድትጨምርለት ቆሞ ጠበቃት። እሷ ግን ሄዳለች።