አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው «ሳልፍ ነው» የሚሉት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ሞቱ አሉኝ።

ጠዋት ቃሊቲ ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው ስልኬ የጮኸው። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቴ ሰናይት ናት። «እትዬ አስካለ አርፈዋል፣ በእንቅልፋቸው ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ምሳም በልቻለሁ። ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም።

አሁን ከድንኳኑ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። በራቸው ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ግን የማላውቀው ሰው ለቅሶ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ አቃቂ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ክር ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ኮዬ ፈጬ የገቡት። ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተግራ። የፋብሪካው ማሽን ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። እሳቸው እታች ሆነው በስልክ ሲያወሩ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ እሰማለሁ። ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ምን እንደበላች፣ ጉንፋኗ እንደተሻላት ሕንጻው በሙሉ ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም። ጠዋት በር ቆልፎ ወደ አውቶቡስ መሮጥ፣ ማታ መጥቶ ከውስጥ መቆለፍ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሁላችንም ስልካችንን እናያለን። እሳቸው ይሄ ነገር ሊገባቸው አልቻለም። አንድ እሁድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ አስካለ ናቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ሳልፍ ነው» አሉኝ።

ከኔ ቤት በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። የሚታለፍበት የለም። ሳቄን ይዤ «ይግቡ» አልኳቸው። ገብተው ስሜን፣ አገሬን፣ የባለቤቴን ሥራ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሲወጡ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኩ። እዚያም «ሳልፍ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ቀጥለው ሰውዬውን «ጎረቤትህ ሄለን ትባላለች፣ ባሏ መንገደኛ ነው፣ ና ሰላም በላት» አሉት። ከነፒጃማው ወጥቶ ጨበጠኝ። እንደዚህ እያሉ ነው በር በበር ያስተዋወቁን።

ከሕንጻችን ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። እኛ ዘበኛ ይመስሉን ነበር። ሄደው የጠየቋቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ሽማግሌው ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። አሁን መኪና የሚቆምበት ቦታ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። እትዬ አስካለ ይሄን ሲሰሙ ቤታቸው ገብተው ወንበር አወጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። አቃቂ ስላደጉ ኦሮምኛ አይቸግራቸውም። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሁለቱ ዛፉ ሥር ናቸው፣ እሳቸው እየጮሁ፣ ኦቦ ቶሎሳ እየሳቁ።

ልጄን ልወልድ የደረስኩ ጊዜ ባለቤቴ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ምጡ ሳልዘጋጅ መጣብኝ። ዝናብ ይጥላል። መቆም አቃተኝ። ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ስልኩን ሳይዘጉት ደረጃው ላይ ሆነው ሲጣሩ ሰማሁ። «ቤት ያላችሁ ውጡ፣ ሄለን ምጥ ይዟታል።»

በሮቹ ሲከፈቱ ይሰማኛል። ከየፎቁ ወንዶቹ መጡ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመውኝ ወረዱ። እሳቸው ከፊት ከፊት እየወረዱ «ቀስ በሉ፣ እዚህ ጋ ውሃ አለ» ይላሉ። እታች ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ መሀል አስፋልት ላይ ቆመው ሚኒባስ አስቁመዋል። ተሳፋሪው ወርዶ በዝናብ ቆሞ ይጠብቀናል።

መኪናው ውስጥ እጃቸውን ይዤ «እትዬ፣ ፈራሁ» አልኳቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ። አብረን እንፍራ» አሉኝ።

አይዞሽ ቢሉኝ ኖሮ እንደዚያ አልበረታም ነበር። ልጄ ጤና ጣቢያ በደረስን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተወለደች። መጀመሪያ የታቀፏት እሳቸው ናቸው። ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለው «እንኳን መጣሽ» ሲሏት አዋላጇ ደንግጣ ዞር አለች።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ሲያስልጧት ነበር። ደህና ነበሩ። ድምፃቸውም ያው ነበር።

ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ድንኳኑን ስታይ «የማን ሰርግ ነው?» አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። እኔም ገና የሰማሁት አይመስለኝም።

እትዬ አስካለ፣ ዕንባ አልመጣልኝም። እዚህ ተቀምጬ ሰው ሲያለቅስ አያለሁ። ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል፣ ምናልባት ሳምንት ከሥራ ስመለስ በርዎ ተዘግቶ ሳየው።

ልጅዎ ከሐዋሳ ገብታለች፣ ሰናይት አጠገቧ ናት። ኦቦ ቶሎሳ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፣ ቢለመኑም እህል አልቀመሱም። ነገ አቃቂ፣ ባለቤትዎ አጠገብ እናሳርፍዎታለን። በሰላም ይሂዱ፣ እናቴ። አውቶቡስ ተይዟል፣ ከሕንጻው የሚቀር ሰው የለም።