ዓይኑን ሲጨፍን የሚወድቀው ሰው

ሰው ሲንገዳገድ ስናይ መጀመሪያ የምንልክበት አፍንጫችንን ነው። እናሸታለን፣ እንፈርዳለን፣ መንገዳችንን እንቀጥላለን። እግሩ ምን ሆኖ ይሆን የሚል የለም። በአንድ የጫማ ሶል ለጣፊ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሰውየው ከጫማ ሥራ ሌላ ሙያ አልነበረውም። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከረጅም ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ሶሉንም ቆዳውንም በብሩሽ ማስቲሽ ይቀባል፣ ጥቂት ያደርቃል፣ ያጋጥማል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። መስኮቱ ዝግ ነው። እርጥብ ማስቲሽ ላይ አቧራ ካረፈ ሶሉ አይይዝም፤ ስለዚህ ለሶሉ ሲባል ተዘጋ። ለሠራተኛው ሳንባ ሲባል የተከፈተ ነገር ግን አልነበረም። ሁሉም ራሱን እያመመው ይስቃል፤ «እኛ እኮ ሳንከፍል ነው የምንሰክረው» ይባባላሉ። ቀልዱ ኋላ በሰውየው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ።

በመጀመሪያ የእግሩ ጣቶች ደነዘዙ። ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ሲረግጥ ይውልና ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። ቆይቶ አመሻሽ ላይ፣ አምፖሉ በተቃጠለበት ደረጃ ሲወጣ ከግድግዳ ጋር መላተም ጀመረ። አማቱ የሚኖሩት ከእሱና ከሚስቱ ጋር ነው። ሟች ባላቸው ጠጪ ስለነበሩ በዚህ ጉዳይ ራሳቸውን ዳኛ አድርገው ሾመዋል። በር ላይ ጠብቀው «እስቲ ተንፍስ» ይሉታል። ይተነፍሳል። የሚሸታቸው ማስቲሽ ነው። የመጠጡን ጠረን በምን እንደሚያጠፋው ደረስኩበት እያሉ ለልጃቸው ያንሾካሹካሉ። ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ እናቷን ትቆጣለች፤ እሱ ሲተኛ ግን የኮቱን ኪስ ትፈትሻለች። ጥርጣሬ እንደ ቅማል ነው፤ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ሁሉም ያካል።

ወሬው ከዚያ ቀልድ ጋር ተዳብሎ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ዘንድ ደረሰ። ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሂድበት አለው። ሰውየው ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ፣ አንዴም ሳይስት እስከ ጫፍ ሄደ። ነጻ የወጣ መሰለው። ፎርማኑ ግን ሳቀ። «አያችሁ? የለመደ ሰካራም እንዲህ ነው፤ ሲፈተን ቀጥ ይላል» አለ። ቢወድቅ ሰካራም፣ ባይወድቅ የለመደ ሰካራም። ይህን ፈተና መልአክም አያልፈው። ደግሞ አንዴ ሲንገዳገድ ከታየ እንደሚባረር ተነገረው።

እውነቱ የወጣው አንድ ጠዋት፣ መታጠቢያው ላይ ነው። ገና ከአልጋው መነሳቱ ነበር። ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደተቆረጠ ግንድ ወደፊት ሄዶ ግንባሩን የመታጠቢያው ጠርዝ መታው። ሚስቱ ሮጣ መጀመሪያ ያሸተተችው አፉን ነው፤ ከእንቅልፍ ጠረን በቀር ምንም የለም። ደሙን ጠርጋ አቆመችውና «ጨፍን» አለችው። ጨፈነ፤ ተወዛወዘ። «ግለጥ» አለችው። ገለጠ፤ ቆመ። ደግማ ሞከረችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ በትንሽ መዶሻ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን መታ መታ አደረገች። ጉልበቱ በመጠኑ ነጠረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዝም። የሚነዝር ብረት አውራ ጣቱ ላይ አሳርፋ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው። አልተሰማውም። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለመረዳት ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም። ቀጥ ብሎ መቆም እንዲያው የሚሆን ይመስለናል። አይደለም። ቆመን ወሬ ስንሰልቅ እንኳ ሰውነታችን ትንሽ ትንሽ ይወድቃል፣ ወዲያው ይመለሳል። ክብደታችን ወደ ጣታችን ሲያደላ ከውስጥ እግርና ከቁርጭምጭሚት የሚነሱ ነርቮች ወሬውን ለሕብለ ሰረሰር ያደርሳሉ፤ የባት ጡንቻ ሳብ ያደርገናል፤ እኛ አናውቀውም። አንጎልም በአንድ ወሬኛ ብቻ አይፈርድም፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ጨዋ ነው። እግርን ይሰማል፣ ዓይንን ይሰማል፣ ጆሮ ውስጥ ያለውን የሚዛን ጠባቂ ይሰማል፤ አንዱ ሲያጎድል በሌላው ይሞላል። ማስቲሹን የሚያቀጥነው መርዝ በትንፋሽ ይገባና ነርቭ ይበላል፤ ረጅሞቹን ያስቀድማል፤ እግር ጣት ድረስ ከሚሄደው የሚረዝም ደግሞ የለም። የለጣፊው እግር ዝም ብሏል። ሲያቆመው የነበረው ዓይኑ ነው።

ሐኪሟ ማስቲሽ ካለበት ድርሽ እንዳይል አዘዘች። ነርቭ ቀስ ብሎ እንደሚያገግም፣ ከዚያ በፊት ግን ቀድሞ የገባው መርዝ ጉዳቱን እስኪጨርስ ለጥቂት ወራት ሊብስበት እንደሚችል አስጠነቀቀች። አማቱ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን አጣመሙ። «ቢሻለው ብያለሁ፣ ቢብሰውም ብያለሁ። እንዲህማ ከሆነ እኔም ሐኪም ነኝ» አሉ።

ባሰበት። ሥራ ትቶ ቤት ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ሚስቱ ሐኪሟን አምናለች፤ ሆኖም አንድ ቀን እሱ ሽንት ቤት ሲገባ ፍራሹን ገልጣ አየች። ምንም የለም። ቀና ስትል በሩ ላይ ቆሟል።

ፎርማኑ መባሱን ሲሰማ ደስታውን አልደበቀም። ማስቲሹን ትቶ ከባሰበት ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለማ! ሠራተኞቹ ስለ ማስቲሹ እርስ በርስ መጠያየቅ ስለጀመሩ ይህን ከራሱ ከሰውየው አፍ ቢሰሙለት ፈለገ። ስለዚህ ላከበት፤ መጥቶ በሁሉም ፊት «እጠጣ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ» ካለ ሥራው ይመለስለታል፣ ለዚያውም ከማስቲሹ ርቆ ካርቶን ማሸጊያው ጋር። አማቱ ዕድል ነው አሉ። «ቃል ምን ያስወጣሃል ልጄ? ጠጥቻለሁ በልና ሥራህን ያዝ።»

ሚስቱ ክንዱን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወሰደችው። ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ አየው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ፣ «አልጠጣሁም» አለ። «እግሬ ነው የሞተው። የገደለው ደግሞ እዚህ ጣሳ ውስጥ ያለው ነው። የራሳችሁን እግር ጠይቁ።»

ፎርማኑ ወደ ሥራችሁ አለ። እነሱም ተመለሱ፤ ሁሉም የሚያስተዳድረው ቤት አለው። አጠገቡ ትቀመጥ የነበረችው ወጣት ብቻ የደነዘዙ ይመስል ጣቶቿን እያጠፈች ስትዘረጋ ሚስቱ አየቻት።

ቤት ሲገቡ አማቱ ምን እንዳለ ጠየቁ። ሚስቱ ያለውንም፣ የወጣቷን ጣቶች ነገርም ነገረቻቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። አማቻቸውን ቁልቁልም ሽቅብም አዩት።

«የኔው ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠዋት ጠዋት እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለኝ ነበር። ማታ ሲጠጣ፣ ጠዋት ሲምል ነው ያለቀው። ይቅርታ ማለት አይቸግረውም። ይሄ ግን ሥራ እየሰጡት እንኳ ጠጣሁ አላለም። ሰካራም እንዲህ አይከስርም።»

ወዲያው ሌላ ነገር ያወጡ ያወርዱ ጀመር።

«ያቺ አጠገብህ የምትቀመጠው ልጅ፣ እናት አላት?»

አላት አላቸው፤ ከገበያው ጀርባ እንደምትኖር ነገራቸው። አሮጊቷ ከአልጋው ሥር ጫማቸውን በእግራቸው እየዳበሱ፣ ሳይመሽ ደርሰን ለእናቷ እንድንነግር ተነሺ አሏት ልጃቸውን።