ሳልጠይቅ የዘጋሁት

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ ቆቦ በተመደብኩ በአምስተኛው ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል፤ ወዲያው ደግሞ ጋሽ ሙሄ ትዝ ይሉኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

የአይሲቲ መምህርት ነኝ፤ የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው። ከማስተማሩ ሌላ የትምህርት ቤቱን ዋና ኮምፒውተር እንድጠብቅ ኃላፊነት ተሰጠኝ። የተማሪው ሁሉ ውጤት ያለው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የአንዲት ጓደኛዬ ኮምፒውተር በቫይረስ ተቆልፎ የዓመታት ሥራዋ እንደጠፋባት ሰማሁ።

እኔ ደግሞ ስፈራ እጄ አያርፍም። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳናያቸው የሚሠሩትን አገልግሎቶች ዝርዝር ከፈትኩ። መዓት ናቸው። እያንዳንዱን እንደ አንድ ክፍት በር ቁጠሩት፤ የማያስፈልገውን መዝጋት ጥሩ ጥንቃቄ ነው፣ ተማሪዎቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ችግሩ ግን እኔ የዘጋሁት ለራሴ የማያስፈልገኝን ነው። የሕትመት አገልግሎት የሚለውን ሳይ፣ ክፍሌ ውስጥ ፕሪንተር የለም ብዬ ዘጋሁት። ሌሎቹንም እንዲሁ። የዘጋሁትን እንኳ ወረቀት ላይ አልያዝኩም። ኮራ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሬጅስትራሩ አቶ ደሳለኝ አስጠሩኝ። የቢሯቸው ፕሪንተር እምቢ ብሏል። ሰዓዳ የምትባል የቀድሞ ተማሪ ከአባቷ ከጋሽ ሙሄ ጋር እዚያ ቆማለች። መምህራን ኮሌጅ ደርሷታል፤ ደሴ ላይ ምዝገባው የሚያበቃው በማግስቱ ነው። ትራንስክሪፕቷን ይዛ በዚያው ቀን ካልተሳፈረች ዓመቱ አመለጣት ማለት ነው።

እኔ ሆዬ ገመዱን ነቀልኩ፣ ቀለሙን አውጥቼ አራገፍኩ፣ ክዳኑን መታ መታ አደረግኩ። በመጨረሻ እንደ ትልቅ ሐኪም ራሴን ነቅንቄ፣ "አርጅቷል፤ ወልድያ ሄዶ መጠገን አለበት" አልኩ። ሰዓዳ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጋሽ ሙሄ አልተቆጡም። ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢያቸው የጎርፍ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ወደ ማሳ ሲገባ ተራ የሚያስጠብቁት፣ የውሃ አባት የሚባሉት እሳቸው ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ትናንት ይሠራ አልነበር?" አሉኝ።

"ይሠራ ነበር" አሉ አቶ ደሳለኝ በእኔ ፈንታ።

"ታዲያ ባንድ ሌሊት ምን አስረጀው! እኛ ዘንድ ውሃ ሲቀር ማሳ አንቆፍርም። ቦዩን ይዘን ወደ ላይ እንወጣለን። ላይ ያለው ሰው 'ለኔ በቃኝ' ብሎ ዘግቶት ይገኛል።"

በዋዜማው የዘጋሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። የፕሪንተሩ ትእዛዝ ሁሉ በዋናው ኮምፒውተር በኩል እንደሚያልፍ ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ነግሮኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ቀስ ብዬ ሄጄ ከፍቼ "ተስተካክሏል" ብል ማንም አያውቅብኝም። እንዲያውም ጎበዝ እባል ነበር። እግሬ ወደ በሩ መራመድ ጀምሮ ነበር።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኩ በመጨረሻ።

ጋሽ ሙሄ ሳቁ። "በይ እንሂዳ!" ብለው ተከተሉኝና ጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የሕትመት አገልግሎቱን መልሼ አስነሳሁት። ብዙም ሳይቆይ አቶ ደሳለኝ ከወዲያኛው ክፍል "ወጣ! ወጣ!" እያሉ ሲጮኹ ሰማን።

ጋሽ ሙሄ ግን አልተነሱም። "ሌላስ ምን ዘግተሻል?" አሉኝ። አንድ በአንድ እያነበብኩ ሥራውን ስነግራቸው፣ "ከዚህስ የሚጠጣ አለ?" ይሉኛል። ሌሎቹ ክፍሎች ፋይል የሚያገኙበት ተገኘ፤ ከፈትነው። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን ማዘዝ የሚያስችለው ጋ ደረስን።

"ሩቅ ያለው ሰው ማነው?"

"አላውቀውም።"

"ወላሂ፣ ለማታውቂው ሰው ምን ትከፍቺለታለሽ! ተዪው፣ እንደተዘጋ ይኑር።"

የኮምፒውተር ደኅንነትን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ዩኒቨርሲቲም አልገጠመኝ።

ሲወጡ፣ "ሳይናገር ውሃ የዘጋ ሰው እናንተ ዘንድ ቅጣቱ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ቅጣትስ አለው። ራሱ ለተናገረ ግን የለውም" አሉኝና መራርቀውኝ ልጃቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ሰዓዳ ደረሰች፤ አሁን ሁለተኛ ዓመት ጀምራለች። እኔም አንድ አገልግሎት ከመዝጋቴ በፊት በየክፍሉ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ "የውሃ አባት መጣች" እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ደስ ይለኛል። ጋሽ ሙሄን በጣም ነው የምወዳቸው። ገበያ ስንገናኝ አጠገባቸው ላለው ሰው ሁሉ "ይቺ ልጅ መደበቅ አታውቅም" ብለው ያስተዋውቁኛል። ያን ቀን ዝም ልል ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር አያውቁም። ለእሳቸው ለመናገር እስካሁን አፌ አልደፈረም፤ ለእናንተ ግን ይኸው ተናገርኩ።