አማቴ የመረጡልኝ ታንክ

ሚስቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ፍርዷን ሰጠች፤ «ሲጋራ የሚሸት እጅ ልጄን አይነካም!» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ተራ የምንጠብቅበት ግቢ ውስጥ ሲጋራ ቁርስም ምሳም ነው። ጓደኞቼ «ቬፕ፣ ይኼን በባትሪ የሚሠራውን ሲጋራ፣ ያዝና ተገላገል» ሲሉኝ፣ አውሮራ ከተማ ወዳለ የቬፕ ሱቅ ነዳሁ።

ችግሩ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ አብረውኝ መሆናቸው ነበር። የሚወለደውን የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ መጥተው ሞንትቤሎ ሰፈር እኛ ቤት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። በፊታቸው አጭሼ አላውቅም፤ ነውር ነው። እንደማጨስ ያውቃሉ፣ እንደሚያውቁ አውቃለሁ፣ ሁለታችንም ዝም። «መኪናው ውስጥ ይጠብቁኝ» ብያቸው ገባሁ። ብርዱ አላስቀምጥ ብሏቸው ተከተሉኝ።

ሻጩ ታንኮቹን ደረደረልኝ። ታንክ ማለት ተንኖ የሚሳበው የቬፕ ፈሳሽ የሚጠራቀምባት ትንሽ ብርጭቆ ናት፤ ውስጧ ፈሳሹን የሚያሞቅ ኮይል አለ። ዓይኔ ትልቁ ላይ አረፈ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ጭሱ ሰፈር የሚሸፍን። ታክሲ ግቢ ይዤው ስገባ ታየኝ።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ፈታተው ገጣጠሟቸው። እነዚያን እጆች ማየት ብቻውን ያጠግባል።

«ይኼኛው የሚሞላው ከላይ ነው፣ አያዝረከርክም። ኮይሉ ሲቃጠል ብቻውን ይለወጣል ወይስ ሙሉውን ትጥላለህ? ጠይቀው።»

ጠየቅሁ። ብቻውን ይለወጣል። ሻጩም ለጀማሪ ይኼው ትንሹ፣ እንደ ሲጋራ ጠበቅ ብሎ የሚሳበው ይሻላል አለ።

«ትልቁስ?» አልኩ እየለመንኩ።

«አንተ የመጣኸው ልትተው ነው ወይስ ልትታይ?» አሉኝ አማቴ።

ትንሹን ገዛሁ።

ቤት ስንደርስ ጋራዥ ገብቼ ሞላሁት። ተከትለውኝ መጡ። ታንኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሳበው፤ አላይህም። ያፈስ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

ሳብኩ። ሳል ሊገድለኝ ደረሰ። «አያፈስም፣ አባባ» አልኳቸው። የዚያን ቀን ያህል ሰው አክብሬ አላውቅም።

ሲጋራ ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። ልጃችን የተወለደች ዕለት ሚስቴ የሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ሳበች፤ ጣቶቼን አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ከዚያ ልጅቷን አስታቀፈችኝ። አማቴ እንደገና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚህኛው ጊዜ ግን ለእኔ ብለው አልነበረም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።