ንታቴ ሴቱሞ አበባ ለማየት ድንበር የተሻገሩ ጊዜ

ንታቴ ሴቱሞ፣ ንታቴ በእኛ «አባባ» እንደ ማለት ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት በጎረቤት አገር፣ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓድ ሠርተዋል። ጎህ ሳይቀድ መሬት ሆድ ውስጥ ይገባሉ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይወጣሉ። በዓመት አንዴ ለገና ወደ እኛ፣ ወደ ሌሶቶ ይመጡና የቤታቸውን ግድግዳ መርገው ይመለሳሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዚያ አገር ስም ሲነሣ ወሬ ይቀይሩ ነበር።

እናም የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ማኅበር ናማኳላንድ ሊሄድ ሲነሣ፣ ባለቤታቸው ማሊኔዮ ሁለት መቀመጫ መያዛቸውን ሰምተን ሳቅን። ናማኳላንድ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ያለ ደረቅ ምድር ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ብርዱ ሲወጣ፣ በአበባ ይሸፈናል። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ክርክሩን በአጥር በኩል ሰማሁት።

«ያን አገር አውቀዋለሁ» አሉ ንታቴ ሴቱሞ።

«አንተ የምታውቀው ሆዱን ነው። ፊቱን የት አይተኸው?»

«ከሠላሳ ሴት ጋር ምን ልሠራ?»

«ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። እሱን ደግሞ ትችልበታለህ።»

ድንበሩ ላይ ፓስፖርታቸውን የተቀበለው ወጣት ቀና ብሎ አያቸው። «ለሥራ ነው አይደል፣ ንታቴ?»

ወደ እኛ ዞር አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አበባ ለማየት።»

«ምን ለማየት?»

«አበባ ነው ያልኩህ። ሰምተኸኛል።»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማኅተሙን መታላቸው። «እናቴም ልሂድ ልሂድ ትላለች። ለእሷም ይዩላት» አለ።

በሁለተኛው ቀን ስንደርስ ሰማዩ ዳምኗል። ያ አበባ ፀሐይ ካላየ አይከፈትም፤ ሜዳው ሁሉ እንቡጡን ጨብጦ አኩርፏል። «ደመናማ እኛም ጋ ሞልቶ የለ እንዴ» አለች አንዷ።

ያሳደሩን ካትሪና የሚባሉ አሮጊት ባለ እርሻ ነበሩ። ከአፍሪካንስ ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ከእኛ ደግሞ እሱን የሚሰማ ንታቴ ሴቱሞ ብቻ። እሳቸው ግን አፋቸውን ለመክፈት አቅማሙ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቋንቋውን የተማርኩት ከአለቆቼ ነው። የማውቀው ‹ፍጠን› እና ‹ውረድ› ነው፤ የቀረው ስድብ ነው። እኚህን ሴትዮ ምን ልበላቸው?»

ብርዱ ሲጠና ግን ሞከሩ። ካትሪና ደንግጠው ብድግ አሉና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለካ «ሻይ! ቶሎ በል!» ብለዋቸው ኖሯል። የት እንደተማሩት ሲነግሯቸው ካትሪና ሳቃቸውን ተዉ። የእሳቸውም ባል ዕድሜውን የፈጀው እዚያው አካባቢ የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወንበር ስበው እንደ ልጅ ያስተምሯቸው ጀመር፤ እባክዎ እንዴት እንደሚባል፣ እግዜር ይስጥልኝ እንዴት እንደሚባል።

«አበባስ?» አሉ ንታቴ ሴቱሞ። በዚያ ቋንቋ ስንት ዘመን ሲታዘዙ ኖረው ይህቺን ቃል ሰምተዋት አያውቁም።

«ብሎም።»

«በእኛ ፓሌሳ ነው» አሏቸው፤ ካትሪናም ደጋግመው አሉት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠራ። መጀመሪያ አንድ ጥግ፣ ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ ብርቱካንማ ሆነ፤ ነጩና ወይን ጠጁ እንደ ጥልፍ ገባ ገባ ብሎበት። ሴቶቹ ዘፈን ጀምረው መሀል ላይ ረሱት። ማሊኔዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ንታቴ ሴቱሞ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደገመ።

«ተነሥ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል» አሉ ማሊኔዮ።

«ይጠብቅ። ገና አሁን መድረሴ ነው።»

ማሊኔዮ ጠጋ በል ብለው ድንጋዩ ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ።

በዓመቱ የእኛ ኮክ ሲያብብ ካትሪና በእንግድነት መጡ። ንታቴ ሴቱሞ «የእኔ እንግዳ ናቸው» እያሉ በየቤቱ አዞሯቸው፤ ካትሪናም ማሊኔዮ የሠሩትን ጎመን በገንፎ ሁለቴ አስጨምረው በሉ። በሦስተኛው ቀን ንታቴ ሴቱሞ ፈረሴን ሊዋሱ መጡ። እንግዳቸው ተራራው ጫፍ ላይ የቀረውን በረዶ በእጃቸው መንካት አማራቸው።

«ካትሪና ፈረስ ተቀምጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አያውቁም» አሉ ልጓሙን እየተቀበሉኝ፤ «ግን እሺ ብለዋል።»