ለማሳያ ያህል

አባቴ ጋዜጣ ላይ የወጡ ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕብራይስጥ ማንበብ ከጀመርኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። በየሳምንቱ መጨረሻ በየሕንፃው መግቢያ የሚጣል ነጻ ጋዜጣ አለ፤ እሱን እያነሣሁ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣ ያልገባኝን ደግሞ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አብረውኝ አንሶላ የሚያጥፉትን ሴቶች እየጠየቅኩ ነው የለመድኩት።

መጀመሪያ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ባወራው ያስቃል። የኛ መጽሐፍ ከግራ ነው የሚገለጠው፣ የነሱ ከቀኝ። እኔ ታዲያ ለካ ጋዜጣውን ሁልጊዜ ከጅራቱ ነበር የምጀምረው። ያገለገለ ፍሪጅ፣ የሚከራይ ቤት፣ የጠፋች ድመት። “የዚህ አገር ትልቁ ወሬ ፍሪጅ ነው እንዴ?” እያልኩ እገረም ነበር። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ሆዷን ይዛ ስቃ ስታበቃ ከእጄ ወስዳ ገለበጠችልኝ። “ራሱ እዚህ ጋ ነው፤ አንቺ ጅራቱን ይዘሽ ትጎትቻለሽ” አለችኝ።

ያ ስሕተት ግን አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ጋዜጣ ራስና ጅራት እንዳለው። ማንን ራሱ ላይ እንደሚያወጡት፣ ማንን ጅራቱ ሥር እንደሚወሽቁት ማየት ለመድኩ። የኛ ልጅ መስኮት ሲሰብር ራሱ ላይ ነው፣ “የኢትዮጵያ ተወላጅ” ከሚል ጋር። ያው የኛ ልጅ የሰመጠ ሰው ከባሕር ሲያወጣ ወደ ጅራቱ ይወርድና በምንኖርበት ከተማ ስም “የናታንያ ነዋሪ” ይባላል። ሲያጠፋ ኢትዮጵያዊ፣ ሲያለማ ናታንያዊ! ልብስ ማጠቢያው ቤት ይህን እያነበብኩላቸው ስንስቅ እንውላለን። የሳቅሁት ነገሩ ቤቴ እስኪገባ ድረስ ነው።

ዓርብ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ የሕንፃው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጋዜጣውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ይዘውታል።

“ነይ እስቲ፣ ነይ! ይሄ ማነው?” አሉኝ።

የገጹን እኩሌታ የያዘው የራሳቸው ፊት ነው። ነጭ ጋቢ፣ ዱላ፣ ከኋላ ባሕር። ባለፈው ዓመት በበዓል ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው የባሕር ዳር መንገድ፣ እዚህ ጣየለት በሚሉት፣ ስንንሸራሸር አንዲት ካሜራ ያንጠለጠለች ልጅ “ሳባ፣ እንዴት ያምራሉ! ላንሣዎት?” ብላ አስፈቅዳ ያነሣቻቸው ነው። ሳባ አያቴ ማለት ነው። አባቴም ቃሉን ወደውት ያን ቀን ሙሉ ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት።

“እርስዎ ነዎት አባዬ።”

“ታዲያስ! አልረሳችኝም ልጅቱ። ኢቶን ላይ አወጣችኝ። ዳቦ ቤት አሳየሁ፣ የአውቶቡሱን ሾፌር አሳየሁ፣ ክሊኒክ ሄጄ ለነርሷም አሳየሁ።” ጋዜጣን እንደዚህ አገር ሰው ኢቶን ነው የሚሉት።

“ምን አሉ?”

“ዝም! ዳቦ ሻጯ፣ ያቺ ዘወትር የምትቀልደኝ፣ ዛሬ መልሴን ወርውራልኝ ጓዳ ገባች። ሾፌሩም ፊቱን አዞረ። ቅናት ነው፣ ልጄ። ሰው ከፍ ስትል አይወድም።”

እናቴ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው፣ “አንቱ ሰውዬ፣ ልጅቷ ትግባ እንጂ፣ በር ላይ ገትረው አያድርቋት!” አሉ። ገብቼ ሳልቀመጥ እሳቸውም የራሳቸውን ወሬ አመጡ። “የታችኛዋ ሽኼናችን ምን እንደ ሆነች አላውቅም። ጠዋት መጥታ እጄን ይዛ አለቀሰች። ደጄ ሌትም ቀንም ክፍት ነው አለችኝ። ሰው ሞቶባት ይሆናል ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ዳቦም ቆርሼ ወሰድኩላት።”

ሽኼና ያሏት ጎረቤታችን ሰው እንዳልሞተባት አውቃለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ጋዜጣውን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ።

በደቡብ ባለ አንድ ከተማ አንድ የኛ ሰው ሚስቱን ገድሏል። ርዕሱ ግን ስለ ሰውየው አይደለም፣ ስለ እኛ ስለ ሁላችን ዝምታ ነው። ከሥሩ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ስለ ባህላችን፣ ስለ ወንዶቻችን ክብር፣ ሴቶቻችን እንዴት አንገታቸውን እንደሚደፉ እያብራራ ገጹን ሞልቶታል። ከዚያ ሁሉ በላይ የአባቴ ፊት። የፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ወደ ላይ በቆመ ጽሑፍ፣ ቁንጫ በሚያክሉ ፊደላት አንዲት ቃል አለች። ጋዜጣውን አዙሬ፣ አንገቴን ሰብሬ አነበብኳት፤ ለማሳያ።

ቀለሙ ጣቴ ላይ ለቆ ስለነበር ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ። ተመልሼ ደግሞ ገለጥኩት።

ወደ ውስጥ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብሎ፣ በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ሚስቱን ገድሏል። የኛ አይደለም። እዚያ ላይ ነገሩ የቤተሰብ አሳዛኝ ገጠመኝ ተብሏል። ፍቺው ከብዶት እንደነበር፣ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ጸጥተኛ ሰው እንደነበር ይተርካል። ባህል የለም፣ አዋቂ ነኝ ባይ የለም። ፎቶው የተዘጋ የብረት በር ነው። የኛው ሲገድል ባህሉ ገደለ፣ የነሱ ሲገድል እንቅልፍ ማጣቱ ገደለ። ሁለቱም እኮ ነፍሰ ገዳይ ናቸው! አንዱን ከእናት አባቱ፣ ከአያት ቅድመ አያቱ ጋር ይከሱታል፤ አንዱን ደግሞ እሹሩሩ ይሉታል። ስለ ሟቾቹማ ማን አንሥቶ! የኛዋ ሁለት መስመር ደርሷታል።

“ምን ይላል?” አሉ አባቴ።

“ረጅም ነው አባዬ። ቀስ ብዬ ላንብበው።”

“ቀስ በይ። ክፋር ዮና ላለው ወንድሜ የምልክለት ሌላ ቅጂም ፈልጊልኝ።”

የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ይህን ከመንገድ ሰው አፍ እንዳይሰሙት። የምነግራቸው እኔ ልሁን አልኩ፤ ስነግራቸውም ጋዜጣው ራሱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ፊት “ተሳስተናል” ብሎ ወጥቶ በእጄ ይዤው። ያኔ ዳቦ ሻጯም ሾፌሩም ያዩታል፣ አባቴም አንገታቸውን ሳይደፉ መንገድ ይወጣሉ።

እሑድ ቢሯቸው እንደ ተከፈተ ደወልኩ። ድምፁ ለስለስ ያለ አንድ አዘጋጅ አነሣው።

“‘ለማሳያ’ የሚል እኮ ተጽፏል፣ እመቤቴ።”

“አይቻለሁ። አንገቴን ሰብሬ ነው ያየሁት።”

“እንግዲያው ማንም ገዳዩ አባትሽ ነው አላለም።”

“ፊቱስ የማነው?”

“ከማኅደራችን የወጣ ነው።”

“ማኅደር ካላችሁ ያንተን አባት ለምን አታወጣም?”

ምንም ተንኮል በሌለው ድምፅ፣ “ከታሪኩ ጋር አይሄድማ” አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተሳዳቢ ቢያንስ ክፉ እንደ ተናገረ ያውቃል። ይሄኛው እንደ ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ይሄ ቀለም ከዚህ ጋር ይሄዳል፣ ይሄ አይሄድም። የአባቴ ፊት ከግድያ ጋር ሄዶለታል፣ የራሱ አባት ፊት አልሄደለትም፣ አለቀ። ማስተካከያ እናወጣለን ብሎ ቃል ገባልኝ። ስልኩን ዘግቼ፣ የበላሁት ነገር ሳይኖር፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

ያን ሳምንት አባቴን ከቤት እንዳይወጡ ያላመጣሁት ሰበብ የለም። ነፋስ ነው፣ ወለሉ እስኪደርቅ፣ ልጆቼን ይጠብቁልኝ። ዓርብ ጋዜጣው ሲመጣ ራሱን አየሁ፣ የለም። ሁለተኛውን ገጽ፣ የለም። ተናድጄ ገለበጥኩትና በዚያ በድሮው ልማዴ ከጅራቱ ጀመርኩ። ከአንድ ያገለገለ ፍሪጅና ከአንድ ሶፋ መካከል አገኘሁት። ሦስት መስመር ነው። ባለፈው እትም የወጣው ፎቶ ለማሳያ ብቻ እንደነበርና በፎቶው ላይ ያለው ሰው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይናገራል። የትኛው ፎቶ? አይልም። የማን? አይልም። ስድቡ ፊት ነበረው፣ ይቅርታው ፊት የለውም። ዳቦ ሻጯ ፍሪጅ ካልፈለገች አታየውም።

ሦስቱን መስመር ቆርጬ ወሰድኩላት። አነበበችና፣ “አይ፣ እኔማ መጀመሪያውኑ አላመንኩም ነበር” አለችኝ። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ፣ የአባቴ ፊት ወደ ላይ እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ ሥር ተቀምጧል። ዳቦ ሳልገዛ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አስቀምጬ ነገርኳቸው። ቀድመው የተናገሩት እናቴ ናቸው።

“ያቺ ሴትዮ ባሏ ይመታታል ብላ ነው ያለቀሰችልኝ?”

“አዎ እምዬ።”

“እኔም አብሬያት አለቀስኩ እኮ! እኔው ራሴ መሰከርኩባቸው በይኛ!”

ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን። አባቴ ግን አልሳቁም። ጋዜጣውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የራሳቸውን ፊት ይመለከታሉ። ዳቦ ሻጯ መልሱን ስለምን እንደ ወረወረችላቸው፣ ሾፌሩ ስለምን እንደ ዞረ፣ አንድ በአንድ ሲገባቸው ከፊታቸው ላይ አየሁት። ሊጮኹ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“ሟቿ ማን ትባላለች?” አሉኝ።

ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት። ሁለቷን መስመር ደግሜ አነበብኩ። ዕድሜዋ አለ፣ ልጆቿ አሉ።

“ስሟን አልጻፉትም አባዬ።”

“የኔን ፊት ይህን ያህል አግዝፈው የሷን ስም አልጻፉም?”

“አልጻፉም።”

“እንትፍ!” አሉ። ጋዜጣውን አጥፈው ወለሉ ላይ ጣሉትና በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት። “ከተማው የትኛው ነው ያልሽኝ?”

“የሐዘኑ ሰባት ቀን አልፏል እኮ፣ አባዬ።”

“ለቅሶ ይዘገያል እንጂ ይቀራል?”

ክፋር ዮና ላለው ወንድማቸው ደወሉ። አጎቴም በዘመድ በዘመድ አጠያይቆ የሟችን እናት ቤት አገኘላቸው። እሑድ በማለዳ አባቴና እናቴ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። እናቴ እንደ ነገሩኝ፣ የሟች እናት በሩን ከፍታ አባቴን ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ጋዜጣው እሷም ጋ ደርሶ ነበር። አባቴ ከደፉ ሳያልፉ፣ “እኅቴ፣ ኢቶኑ ላይ ያወጡኝ እኔ ነኝ። ልጅሽን አላውቃትም። ስሟን ንገሪኝና ላልቅስላት” አሏት። ነገረቻቸው። ገብተው ስሟን እየጠሩ አለቀሱ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ ከሴትዮዋ ጋር እስከ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ሲመሽ ናታንያ ገቡ።