የግራናው የዶዘር መውረጃ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ወልድያ

ከመንገድ ካምፑ ስንወጣ ገና መንጋቱ ነው። መኪናችን አፈር የሚያመላልስ ገልባጭ ነው፤ ዛሬ የጫነው ግን አፈር ገፊውን ራሱን፣ ባለ ሰንሰለት ትንሽ ዶዘር ነው። ሎቤድ የሚባለውን ዝቅ ያለ ተጎታች የለመደ የዛሬ ሰው ላያምነኝ ይችላል። በዚያ በደርግ ጊዜ በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዘመን ሎቤዶቹን ሁሉ ግንባር ወስዷቸው ስለነበር፣ ትንንሾቹን ዶዘሮች በገልባጭ ማጓጓዝ የዘወትር ሥራችን ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዶዘሩ አፈር ገፍቶ ከመኪናው የጭነት ሣጥን፣ ከካሶኒው ወለል እኩል የሆነ ክምር ይሠራል። ገልባጩ በኋላው ይጠጋል፤ ዶዘሩም ክምሩን ወጥቶ ካሶኒው ውስጥ ይገባል። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ወለሉ ላይ አስቀድሞ አፈር ይነሰነሳል። ከዚያ ሰንሰለቱ ሥር ታኮ ይገባል፣ በሽቦ ይታሰራል። የጭስ ማውጫው ከፍታ ስለሚጨምር ተፈትቶ ጋቢና ይገባል። ጋቢና ደግሞ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሱሪዬ ከወዲሁ ጥላሸት ሆኗል።

ሦስት ነን። ሹፌሩ ጋሽ ኪሮስ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የወለዷቸው፣ ከመኪናቸው በቀር ማንንም የማያሞግሱ ሽማግሌ። ዶዘሩን የሚነዳው ይማም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የግራና ልጅ። እኔ የካምፑ የመሣሪያ ኃላፊ ነኝ።

ወደ ግራና የሚወስደው መንገድ ላይ ናዳ ወርዷል። የጤፍ ዘር የጫነ መኪና መርሳ ላይ ቆሟል፤ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ገበሬውን አይጠብቅም። ጦሩ ዶዘሩን የለቀቀልን ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከነኦፕሬተሩ ለምሽግ ቁፋሮ ይረከበዋል። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከይማም በፊት ሁለት ኦፕሬተሮች ልከናል፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ለይማም ስነግረው «እሺ» ብቻ ነበር ያለኝ።

ሁለት ሰዓት፤ ሲሪንቃ

ሰው ሮጦ የሚቀድመን ፍጥነት ላይ ነን። ቁልቁለት ባገኘን ቁጥር ጋሽ ኪሮስ ማርሹን ይቀንሳሉ። ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር ጠጣን።

«አለቃ፣ ጭስ ማውጫውን እንደ ሙሽራ አቅፈህ ወረድክ እኮ!» አሉኝ ጋሽ ኪሮስ። እውነትም ከነብረቱ ወርጃለሁ።

ሳቃችን ሲበርድ ወደ ይማም ዞሩ። «አንተ፣ አገርህ ገብተህ ትመለሳለህ?»

«ኢንሻአላህ፣ ጋሽ ኪሮስ» አለ ይማም፤ ዳቦውን እየቆረሰ።

እኔ ከመንገዱ ማዶ የእርሻ ምርምር ጣቢያው የዘራውን የሙከራ ማሽላ የማይ መሰልኩ።

አራት ሰዓት፤ መርሳ

ኬላው ላይ ወታደሩ ካሶኒውን ሽቅብ አየና «ጓድ፣ ታንክ ነው?» አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት። «ኦፕሬተሩ ማነው?» ይማም እጁን አወጣ። «ሐሙስ እንዳይረሳ!» አለኝ ወታደሩ።

የጋሽ ኪሮስን መታወቂያ ግን አገላብጦ ቆየበት። «የአባትህ አገር የት ነው?»

«መቃብሩ ወልድያ ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ» አሉት፣ ሞተሩን ሳያጠፉ። ወታደሩ ትንሽ አሰበና መታወቂያውን መለሰ። ከኬላው እስክንርቅ መታወቂያውን ከመሪው ጋር ጨብጠው ነዱ።

ከተማው መሃል የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ብሎ ስላገኘነው አንድ ነጋዴ በደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ከፍ አድርጎ አሳለፈን። ሁለት ፓፓያ ገዛን። ዘር የጫነው መኪና ከኋላችን ተከተለ።

ስድስት ሰዓት፤ ናዳው

ድንጋይና ቀይ አፈር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ጋሽ ኪሮስ መኪናውን አዙረው ጀርባውን ለናዳው ሰጡና ሞተሩን አጠፉ። ይማም ዶዘሩ ላይ ወጥቶ ሊያስነሳ ሲል ወደ ኋላ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«አለቃ፣ በምን ልውረድ?»

እስከ ዛሬ ከካምፕ ወደ ካምፕ ነበር የምናመላልሰው፤ በሁለቱም በኩል ክምር አለ። እዚህ የለም፤ ካሶኒውን እንገልብጥ ብንል ዶዘሩ ተንሸራቶ ይከሰከሳል። ክምር የሚሠራው ዶዘር ደግሞ ያለው መኪናው ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ ይህን ማሰብ አቃተኝ። አፈርኩ። ጋሽ ኪሮስ ሳቅ አሸንፏቸው የጋቢናው መርገጫ ላይ ቁጭ አሉ።

የሞተሩን ድምፅ የሰሙ የግራና ገበሬዎች ናዳውን ተሻግረው መጡ፤ ዶማ፣ አካፋ፣ የአፈር ቃሬዛ ይዘዋል። ከፊት ያሉት አቶ እንድሪስ፣ የይማም አባት ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም» አሉን። ይማም ዘሎ ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ስንት ቀን ትቀመጣለህ?»

«ነገ ማታ እመለሳለሁ፣ አባ። ሐሙስ ግንባር ነው።»

አቶ እንድሪስ የተቸገርንበትን ከጋሽ ኪሮስ ሰምተው ዶዘሩን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ክምር ካልተሠራለት ይኸ ነገር አይወርድም?»

«አይወርድም፣ አባባ።»

«ወርዶ ሥራውን ሲጨርስስ? የሚጫነው በዚሁ ክምር ነው?»

ልዋሻቸው ፈልጌ አልሆነልኝም። «አዎ፣ በዚሁ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ዶማቸውን አነሱ። «እንግዲያ ጠበቅ አርገን እንሥራው። ልጄ የሚወጣበት ነው።»

ድንጋዩን ከታች ደርድረው አፈሩን በቃሬዛ እያመጡ በእግራቸው ጠቀጠቁት። ለዙሁርና ለአሱር ሰላት ብቻ አረፉ፤ ጋሽ ኪሮስ ሰጋጆቹ እስኪጨርሱ አካፋ ይዘው ቆሙላቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይማም ዶዘሩን ቀስ አድርጎ አወረደው። ክምሩ ንቅንቅ አላለም። ሊያዩ የመጡት የመንደሩ ሴቶች እልል አሉ።

ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት፤ እዚያው

ይማም ያደረው አባቱ ቤት ነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ስገላበጥ አደርኩ። ይመጣል ስል ይከፋኛል፣ ይቀራል ስል እፈራለሁ። ጎህ ሲቀድ መጣ፤ ስንቁን አባቱ ተሸክመውለታል።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ የዘሩ መኪና አልፏል። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «እኛ አላየንም እንላለን፤ ልጁን ተውልን» አሉኝ። ይማም ሰምቷል።

«አለቃ፣ ወረቀቱ ላይ የፈረምከው በማን ስም ነው?»

«በራሴ።»

«እኔ ከቀረሁ የሚጠየቀው አንተ ነሃ።»

መልስ አልሰጠሁም። እሱም አልጠበቀኝም፤ ዶዘሩን አስነስቶ ክምሩን ወጣ። ያን ዝምታዬን ዛሬም እጠላዋለሁ።

ክምሩ መንገዱን ስላጠበበው በደንቡ መሠረት መፍረስ አለበት። አካፋ የያዙትን ሰዎች አፍርሱት አልኳቸው። አቶ እንድሪስ ሄደው ክምሩ ላይ ቆሙ።

«አትንኩት» አሉ። «ልጄ ሲመለስ በምን ይወርዳል?»

ማንም አልነካውም።

ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት፤ ወልድያ

ዶዘሩን ከነይማም አስረከብኩ። ጭስ ማውጫውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አሰረው፤ በጨርቅ እጁን ጠርጎ ጨበጠኝ። ሪፖርቴ ላይ «መንገዱ ተከፍቷል፤ ክምሩም ፈርሷል» ብዬ ጻፍኩ።

ጦርነቱ አለቀ። ይማም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ፣ አቶ እንድሪስ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ፣ ክረምት ወጥቶ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ጎርፍ የሸረሸረው የክምሩ ጎን በአዲስ ድንጋይ ተደግፎ፣ አናቱ ላይ አዲስ አፈር ተጠቅጥቆ አገኘው ነበር።